የወንድሜነህ ፌስታል

እሑድ፣ ጁላይ 13

አየሁት። ማንም ምንም ቢል አይቻለሁ። ያላየሁ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባለቤቴ ንግስት ናት፤ የጠለቅኩባቸውን ቀኖች እንድመዘግብበት ብላ። እስካሁን የጻፍኩበትም ጥልቀት፣ የውሃ ሙቀትና ያየሁትን ዓሣ ነው። ዛሬ ግን ንዴቴን ልጽፍበት ነው። ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትናንት ጠዋት፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ከወደቡ በጀልባ ሁለት ሰዓት ወደ ባሕሩ ውስጥ። ከማኅበራችን ሰባት ሰው ነበርን። ማኅበሩ «ጥልቀት» ይባላል፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የመሠረትነው ሐበሾች ነን። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ኮሚቴ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁሉም አለው፤ ከእድር የሚለየው ድንኳን ስለሌለው ብቻ ነው። ዘጠና አምስት ጫማ (ሠላሳ ሜትር ገደማ) ጥልቀት ላይ አንድ የሰመጠ አሮጌ መርከብ አለ። በዳይቪንግ ማንም ብቻውን አይወርድም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ እየተያዩ ነው። የእኔ ጥንድ ልጄ ሩሃማ ነበረች።

ከመርከቡ ኋላ ስንደርስ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ክብ ነገር ውሃው መሐል ተንጠልጥሎ አየሁ። ሁለት እጄን ዘርግቼ የማላቅፈው። ሰውነቱ የተዘፈዘፈ ተልባ እንደሚያወጣው ዝልግልግ ነው፤ ወዲያ ማዶውን ያሳያል። መሐሉ ላይ ጥላሸት የመሰለ አንድ ጥቁር መስመር። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ እንደ ጄሊፊሽ የሚንጠለጠል ክር የለው። ዝም ብሎ ይዞራል። ተጠግቼ ሳየው ደግሞ ከኋላዬ ሦስት ጊዜ ብርሃን መጣበትና ውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ነጫጭ ነጥቦች ቦግ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሃምሳ አንድ ዓመቴ አይቼ አላውቅም። ተከተልኩት። ምን ያህል እንደተከተልኩት አላስታውስም፤ ብዙ አይሆንም።

ጀልባው ላይ እንደወጣሁ፣ ማስኬን እንኳ ሳላወልቅ ነገርኳቸው። ማንም በቅጡ አልሰማኝም! እጄን እያወራጨሁ ስለ ነጥቦቹ ሳወራ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃውን ያያል። ሊቀመንበራችን ጋሽ እንዳልካቸው እንኳ ሰዓታቸውን ነበር የሚያዩት። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መጥቶ እንዲህ ይደረጋል?

ሩሃማ ትንሽ ቆይታ ወጣች። ትንሽ ነስሯት ነበር፤ ካፒቴኑ ለጥንቃቄ ብሎ ኦክስጅን አደረገላት። አሁን ደህና ናት። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ወንበር ተኝታ መጣች። ደክሟት ነው።

ጋሽ እንዳልካቸው መኪና ውስጥ ምን አሉኝ? «ወንድሜነህ፣ ናይትሮጅን አስክሮህ ነው።» ጥልቀት ላይ የሚተነፍሱት አየር እንደ ጠጅ ሰው ያሰክራል፤ እውነት ነው፣ ሁላችንም ተምረነዋል። እኔ ግን አልሰከርኩም። ስካርን አውቀዋለሁ፤ ትናንት ከጾመኛ ቄስ ይልቅ ጤነኛ ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ሥራ ቦታ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። የሕንፃው ፓምፕ ክፍል ውስጥ። አሥር ደቂቃ ብቻ።

ሩሃማ ጭንቅላቷ ላይ የምታስራት ትንሽ ካሜራ ነበረቻት። እንዴት እስከ ዛሬ ረሳሁት! ደወልኩ፣ አላነሳችም። ቴክስት አደረግኩላት። መልሷ፦ «ኖት ናው፣ አባዬ።»

አራተኛ ፎቅ ውሃ ያፈሳል ብለው ጠሩኝ። ልሂድ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

የማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ጊዲዮን ምን እንደለጠፈ! ጊዲዮን ዊተን ውስጥ ጎማ ቤት ያለው፣ ቀልዱ ከሥራው የሚበልጥ ሰው ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የገበያ ፌስታል ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ፦ «ወንድሜነህ ያየው ብርቅዬ እንስሳ ተገኘ። ዋጋው አምስት ሳንቲም፣ በየሱፐርማርኬቱ።» አሥራ አንድ ሰው ሳቀ። ስሂን እንኳ፣ ጸሐፊያችን፣ ቁጥቧ ስሂን! ከሥሩ ደግሞ አንዱ «ላም አለኝ በባሕር» ብሎ ጻፈ።

ደሜ ፈላ። አሥራ ሁለት ዓመት የሕንፃ መዋኛ ገንዳ ያጸዳሁ ሰው ፌስታል አላውቅም? ስንቱን ፌስታል በእጄ ከማጣሪያ ያወጣሁ ሰው?

እሑድ፣ ጁላይ 20

ደብዳቤ ደረሰኝ። በማኅበሩ ማኅተም። ጉዳዬን ኮሚቴው ሴፕቴምበር 7 ያየዋል፤ እስከዚያ ከጀልባ ጉዞ ታግጃለሁ፤ «በናይትሮጅን ስካር ምክንያት ከጥንዱ የተለየ አባል» ሆኜ ከተገኘሁ ሐኪም አይቶኝ፣ ከስልሳ ጫማ በታች ሳልወርድ፣ በኦክቶበር ጉዞ እሳተፋለሁ። የፈረመው እንዳልካቸው።

እንግዲህ በዚህ ደብተር ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ ሰውዬው አንቱ አይባልም። ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበር፣ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አከብረው ነበር። ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ለንግስት ሳነብላት ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም።

«እሺ፣ አየህ እንበል» አለች። «ሩሃማ የት ነበረች?»

«ከኋላዬ ነበረች።»

«ከኋላህ እስከ መቼ?»

«ንግስት፣ ደንብ አለ። ጥንዱ የጠፋበት ሰው አንድ ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል። ስልሳ ሴኮንድ። ካላገኘው ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሁለቱም ላይ ይገናኛሉ። እኔ ስመለስ አጣኋት፣ ወጥታለች ብዬ ወጣሁ። ደንቡን የጣሰችው እሷ ናት።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ትል ነበር እናቴ» አለችና ወጣች። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። ተረት ለሁሉ ነገር አላት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

በቃ፣ ምን እንደሆነ ራሴ አገኘዋለሁ። ስሙን ይዤ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት አራት ሰዓት ተቀምጬ ያነበብኩት ይህን ይመስላል። ጄሊፊሽ ቢሆን ይከፈትና ይዘጋ ነበር፤ የእኔው አይከፈትም። ኮምብ ጄሊ የሚሉት ጎኑ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ብርሃን የሚሮጥበት ነው፤ ግን ትልቁ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከእጅ አይበልጥም። ሳልፕ የሚባለው ደግሞ እንደ መቁጠሪያ ተቀጣጥሎ ይሄዳል። የእኔው ብቻውን ነው። ፌስታል ውስጡ ነጥብ የለውም፤ ይህን ለጊዲዮን።

ጠላቂዎች ያዩትን የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ አገኘሁ። በእርሳስ ሥዬ፣ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ሥዕሌ ጎመን ይመስላል። ቢሆንም እዚያ ማንም አልሳቀብኝም። የማያውቁኝ ሰዎች ከማውቃቸው ይሻላሉ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ፖርቱጋል የምትኖር የባሕር ተመራማሪ መለሰችልኝ! በቁም ነገር! ጥያቄዎቿን እዚህ ገልብጫለሁ።

ስፋቱ? (አንድ ሜትር ገደማ፤ መለስኩ።) ነክተኸዋል? (አልነካሁም።) የጠቆረው መስመር መሐል ለመሐል ያልፋል? (አዎ!) ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው ነው የተቀመጡት? (እኩል፣ እንደ ተዘራ።)

መጨረሻ ላይ፦ «በዚያ ጥልቀት ነጥቦቹን ለማየት ጠንካራ ብርሃን ያስፈልጋል። መብራት ይዘህ ነበር?»

ይህን ገና አልመለስኩም። መብራቴን ጀልባው ላይ ረስቼው ነበር። ፀሐይ ይሆናል። ደመናው ሲገለጥ።

እሑድ፣ ኦገስት 10

ሩሃማ ቤት ሄድኩ። ከምሠራበት ሕንፃ አሥር ደቂቃ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። አራት ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሲልቨር ስፕሪንግ አልመጣችም። ስሄድ በር ላይ ሳመችኝ፣ ሻይ አፈላች፣ ስለ አየሩ በእንግሊዝኛ አወራችኝ።

«ካሜራው ሠርቷል ወይስ አልሠራም?» አልኳት።

«ሠርቷል።»

«ታዲያ ለአባትሽ ማሳየት ምን ያቅታል? ሰው ሁሉ ፌስታል እያለ ይስቅብኛል! አንድ ወር ማስረጃዬን አፍነሽ ይዘሻል!»

«አላየሁትም ገና» አለች። «አይ ካንት ዋች ኢት።»

«የጥቂት ሴኮንድ ነገር ምን ይከብዳል?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጆሮዬን አመመኝ ብላ ሐኪም ጋ እንደሄደች ከንግስት ነው የሰማሁት፤ ለእኔ አልነገረችኝም። እኔም ተነሳሁ። ስመለስ የወንዙ ድልድይ ላይ መንገዱ ተዘግቶ አንድ ሰዓት ቆምኩ፤ ንድድ እያልኩ።

እንዲህ ያደረገችኝ ልጅ ዋና ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቷ ነበር። ውሃ ሥር ትንፋሽ ስትይዝ እንዳትፈራ በጣት አንጓ መቁጠር አሳየኋት፤ አባቴ ዲያቆን ሳሉ የተማሩት የበዓል አቆጣጠር ነው። በአውራ ጣት የአራቱን ጣቶች አንጓ መንካት፤ ሦስት ሦስት፣ አሥራ ሁለት። አምስት ዙር ሲሞላ ስልሳ። «የሚቆጥር ሰው አይፈራም» እላት ነበር። ይህ ሁሉ ተረስቷል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ፓምፕ ክፍል። ከሕንፃው ነዋሪዎች አንዱ፣ ይስሐቅ የሚባል፣ ሊፍት ውስጥ «ፌስታል የተባልከው አንተ ነህ?» አለኝ። የማኅበሩ አባል እንኳ አይደለም! ሜሪላንድ የተወለደ ወሬ ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ገባ።

ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። ቱቦ ፈነዳ። ይፍነዳ።

ዓርብ፣ ኦገስት 22

ላከችው!

መልእክት የለው፣ ሰላምታ የለው። አንድ ቪዲዮ፤ አራት ሴኮንድ። አለ! እሱው ነው! ትንሽና ሩቅ ነው፤ ግን ክብ፣ መስመሩ መሐሉ ላይ፣ ነጥቦቹም። ብርሃን ሲያርፍበት ቦግ፣ ቦግ፣ ቦግ። ከፊቱ እግሬ ላይ ያጠለቅኳቸው ቢጫ የመዋኛ ክንፎች ይታያሉ።

ወዲያው ፖርቱጋል ላክሁት። ለንግስት አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አየችው። «መብራቱ የማነው?» አለች።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሴትዮ፣ እንስሳውን እይ!

ሰኞ፣ ኦገስት 25

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!

እንቁላል ነው። የስኩዊድ እንቁላል። ስኩዊድ የምትባለው ባለ ብዙ እጅ፣ አጥንት የለሽ የባሕር ፍጥረት፣ እንቁላሎቿን በዚህ ዝልግልግ ኳስ ውስጥ አድርጋ ውሃ ውስጥ ትለቃለች። የትኛዋ ስኩዊድ እንደሆነች በፎቶ ብቻ መናገር አይቻልም ብላለች ተመራማሪዋ፤ ግን እንቁላል ለመሆኑ ጥርጥር የላትም። ጠላቂ ሁሉ የማያጋጥመው ነገር ነው፣ እንኳን ደስ አለህ አለችኝ። ድረ ገጹ ላይ ይመዘገባል፤ የተመልካቹን ስም ላክ ብላለች።

ስለ እናትየዋ ጠየቅኳት። ለቅቃቸው ትሄዳለች አለችኝ። አትመለስም። ልጆቿን ለማዕበል ጥላ! ምን ዓይነት ወላጅ ናት? እንስሳ ለዚህ ነው እንስሳ የሆነው።

አተምኩት። በቀለም። ቅዳሜ ይዤው እንዳልካቸው ቤት እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

ዊተን፣ እንዳልካቸው ሳሎን። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። ቪዲዮውን በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ሦስት ጊዜ አየው። ይቅርታ እስኪለኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

«እንቁላል ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔም ምጽዋ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ያኔ ስትነግረንም ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረው ነበር?» ቤቱ በላዬ ዞረ። «ታዲያ ሰባት ሳምንት ሰው ሲስቅብኝ ዝም አሉ? ሰክሯል ብለው ጽፈው ፈረሙ?»

«ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም! አልሰከርኩም! ይኸው ማስረጃው፣ ጤነኛ ነበርኩ!»

«እሺ፣ ጤነኛ ነበርክ» አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ። «አንተ ጀልባው ላይ ስለ ነጥቦቹ ስታወራልን ልጅህ ገና ታች ነበረች። እኔ ሰዓቴን ይዤ ደቂቃ እቆጥር ነበር። 'ሩሃማስ?' ብዬ ስጠይቅህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ወረቀቴን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

«'ትመጣለች' ነው ያልከኝ። ከዚያ ወሬህን ቀጠልክ። ልወርድ የአየር ታንኬን ሳነሳ ነው ብቅ ያለችው። እንግዲህ አስብ። ሰው ሰክሮ ልጁን ቢተዋት ጥፋቱ የናይትሮጅኑ ነው፤ ሐኪም ያየዋል፣ ሁላችንም እንረሳዋለን። ሳይሰክር ከተዋት ግን ጥፋቱ የማነው? ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ላንተ ብዬ ነበር፣ አንተ ሰውዬ። መጠለያ ሰጠሁህ፤ አንተ በገዛ እጅህ አፈረስከው።»

ጊዲዮንስ? ሲቀልድ የነበረው፣ ነገሩ ወደ ልጅቷ እንዳይዞር «ዝም ብለህ ሳቅበት» ብለውት እንደሆነ ጋሽ እንዳልካቸው ራሳቸው ነገሩኝ።

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ልቆጣ ሞከርኩ። ማንን?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ለሩሃማ «ሙሉውን ላኪልኝ» አልኳት። «አር ዩ ሹር?» አለች። አዎ አልኳት። በምሳ ሰዓት፣ ፓምፕ ክፍል፣ በሩን ቆልፌ አየሁት። ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ ላይ እኔ አለሁ። ቢጫ ክንፎቼ ይርቃሉ። መብራቷን ታበራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ጊዜ ብልጭታ «ወደ እኔ ተመለስ» ማለት ነው፤ ይህን ለአዲስ አባል ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። የእሷ መብራት ነው እንቁላሉን ያበራው። ደመና አልነበረም። ፀሐይ አልነበረም።

አውቄ ነበር። እዚህ ብቻ ልጻፈው፤ ያኔም አውቄ ነበር። ብርሃኑ ከኋላዬ ሲመጣ እሷ እንደሆነች አውቄ፣ ቆይ አንዴ አልኩ በልቤ። አንዴ ብቻ። ነጥቦቹ ሲያበሩ ደስ አለኝና እንደገና እንድታበራው ፈለግኩ።

ከዚያ አልታይም። ካሜራው ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ ይዞራል። መርከቡ፣ አሸዋ፣ አረንጓዴ ውሃ። የትንፋሿ ድምፅ ብቻ ይሰማል። መጀመሪያ ቀስ ያለ፣ ኋላ የፈጠነ። ከዚያ ግራ እጇን ፊቷ ላይ ታመጣለች፤ አውራ ጣቷ ትንሿ ጣት ላይ ያርፋል። አንድ አንጓ። ሁለት። ሦስት። ወደ ቀጣዩ ጣት። አምስት ዙር።

ስልሳ ሞላ። መውጣት ነበረባት። አውራ ጣቷ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ትንሿ ጣት ተመለሰና ከአንድ ጀመረ።

እሷ ሰባት ጊዜ ስልሳ ቆጠረች። በአምስተኛው ስልሳ ላይ የአየር መለኪያ ጌጇን አየች፤ ቀዩ ውስጥ ገብቷል። መርከቡ ሆድ ውስጥ መብራቷን አስገባች፤ እዚያ ወድቄ እንደሆነ ብላ። በዚያ ሰዓት እኔ መልህቁ ገመድ ላይ ሆኜ ወሬዬን እያሳመርኩ ነበር።

ደንቡን የጣሰችው እሷ ናት ብዬ ከላይ ጽፌአለሁ። ልሰርዘው ነበር። ይቆይ፣ ይነበብ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7፤ ጳጉሜ 2

የቤተ መጻሕፍቱ የስብሰባ ክፍል። ኮሚቴው ሦስት ነው፦ ጋሽ እንዳልካቸው፣ ስሂን፣ ጊዲዮን። ስሂን ቃለ ጉባኤ ከፈተች።

ከመግባታችን በፊት ጊዲዮን ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘኝ። «ስማ፣ አራቷን ሴኮንድ ብቻ አሳይና እንቁላል ነበር በል። ትንሽ ሞቅ ብሎኝ ነበር ካልክ ሁሉም ያልቃል። ጋሼም ይህንኑ ነው የሚፈልጉት።»

እኔ ግን ዘጠኙንም ደቂቃ ከፈትኩ። ማንም አልሳቀም። ስሂን በስድስተኛው ደቂቃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ጋሽ እንዳልካቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ወንድሜነህ፣ በጊዜው የናይትሮጅን ስካር ተሰምቶህ ነበር?» አሉኝ፤ አዎ እንድል ዓይኔን ዓይኔን እያዩ።

«አልነበረም።»

«የልጅህ መብራት ታይቶህ ነበር?»

«ታይቶኝ ነበር። አውቄ ነው ትቻት የሄድኩት። ይመዝገብ።»

አንድ ዓመት ከማንኛውም የጀልባ ጉዞ ታገድኩ። አዲስ አባላትንም አላስተምርም። እጅ ነስቼ ተቀበልኩ። ስወጣ ጋሽ እንዳልካቸው ትከሻዬን ያዙ።

ለፖርቱጋሏ ሴት ጻፍኩላት። የተመልካች ስም፦ ሩሃማ ወንድሜነህ። ለጥያቄሽም ይኸው መልሴ፣ መብራቱ የእሷ ነበር።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11፤ መስከረም 1

ንግስት ለእራት ጠራቻት። መጣች። ዶሮው ሳይቀርብ፣ እናቷ ፊት፣ «ትቼሽ ሄድኩ፤ መብራትሽን እያየሁ» አልኳት። ሌላ ማስረዳት ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት። ተውኩት።

«አይ ኖው» አለች። ከዚያ በአማርኛ፦ «እስክትለው ነው የጠበቅሁት።»

በላች። ሁለት ጊዜ ጨመረች። ስትወጣ «እሑድ ሕንፃህ ጋ እመጣለሁ፤ ታንክህን አዘጋጅ» አለችኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

አሌክሳንድሪያ። የሕንፃው ገንዳ ከሌበር ዴይ በዓል፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ለነዋሪ ተዘግቷል፤ ለክረምት ሳልሸፍነው ማናጀሯን አስፈቀድኩ።

ሩሃማ ማስኬን ተቀብላ ውስጡን በአልሙኒየም ፎይል ሸፈነችው። ምንም አይታይም። ልምምዱ ይህ ነው አለችኝ፦ ታች ትወርዳለህ፣ እጄን ይዘህ፤ እኔ እለቅሃለሁ፤ አንድ ደቂቃ ትፈልገኛለህ፣ ካላገኘኸኝ ትወጣለህ። አለቀ። እኔ ለስንቱ ያስተማርኩት ልምምድ ነው፤ እሺ አልኩ።

ወረድን። ስምንት ጫማ ውሃ ነው፤ ልጅ የሚጫወትበት። እጇን ይዣለሁ። ከዚያ ለቀቀችኝ።

እጄን ዘረጋሁ፤ ውሃ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ የገንዳው ግድግዳ። ወደ ቀኝ፤ ውሃ። ገንዳው እኔ በየሳምንቱ የማጸዳው፣ እያንዳንዱን ሸክላ የማውቀው ገንዳ ነው፤ እሷም የትም አልሄደችም፤ ደህና ናት፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ትንፋሼ ግን ፈጠነ። አውራ ጣቴን ትንሿ ጣቴ ላይ አሳረፍኩና መቁጠር ጀመርኩ። የሚቆጥር ሰው ይፈራል፤ ውሸቴን ነበር።

አምስት ዙር። ስልሳ ሞላ። ደንቡ ውጣ ይላል። ላዩ አንድ እርግጫ ብቻ ነው።

ከአንድ ጀመርኩ።

ስንተኛው ስልሳ ላይ እንደነበርኩ አላውቅም፣ ታንኬን ኳ ኳ አድርጋ እጄን ያዘችኝ። ወጣን። ፎይሉን አነሳችልኝ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።

«ደንቡ አንድ ደቂቃ ነው፣ አባዬ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«እንደገና» አለችና ፎይሉን መለሰችው።